ምንጣፉ ገደል መስሎት ነው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። የወለል መጥረጊያ ሮቦትሽ ሳሎን ያለው ጥቁር ምንጣፍ ላይ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ ወደ ኋላ ይላል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ እርዳታ ጠርቶ ይቆማል። ሶፋ ስር ገብቶም ይሰነቀራል። አንድ ጠጋኝ ሆዱ ስር ካሉት ሴንሰሮች የፊቶቹን ሁለቱን በነጭ ፕላስተር ሸፍኖ "ተስተካክሏል" ብሎሽ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ደረጃው ጫፍ ላይ ግማሽ አካሉ ተንጠልጥሎ አገኘሽው።

እህቴ፣ ይሄን የመጨረሻውን ነበር ማስቀደም! ሮቦቱ አልተበላሸም ባይ ነኝ። የተበላሸው ጥገናው ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፊ፣ ገልብጪው፣ ፕላስተሩን ላጪና ጣይው። ደረጃ ያለበት ቤት ውስጥ እነዚህ ሴንሰሮች አይሸፈኑም። ሦስት አራት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከላይ ተንከባሎ ደረጃ በሚወጣ ልጅ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቢው። የቀረውን ሙጫ በትንሹ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ቤንዚን ወይም አሴቶን እንዳታስነኪው፣ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ሴንሰር ሳወራ ትንሽ ይበዛብኛል፣ ታገሺኝ። የሮቦቱ ሆድ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ጥቋቁር መስኮቶች ታያለሽ፤ ብዙዎቹ ላይ ከ4 እስከ 6 ይሆናሉ። እያንዳንዷ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ነገር አለ። አንዱ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ታች ይለቃል፣ ሌላው ከወለሉ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። የሚመለስ ካለ ወለል አለ ማለት ነው። ከሌለ ወይም በጣም ካነሰ ገደል ነው፣ ወደ ኋላ! በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ጥቁር ክር ደግሞ ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ያንቺ ሮቦት ምንጣፉንና የደረጃውን ጫፍ የሚለይበት መንገድ የለውም። እዚህ ላይ ዓይን ዳኛ አይሆንም። እኩል የጠቆሩ ሁለት ምንጣፎች የተነከሩበት ቀለም ስለሚለያይ አንዱ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል፣ ሌላው ይውጠዋል። "የጓደኛዬ ግን ጥቁር ምንጣፍ ላይ ይፏልላል" የሚሉኝም አልዋሹም። ነጭ ፕላስተር ስትለጥፊበት ደግሞ ብርሃኑ እዚያው ነጥሮ ይመለሳልና ሴንሰሩ ዕድሜ ልኩን ወለል ብቻ ነው የሚያየው። ያንቺ የፊቶቹ ታውረው የጎኖቹ ስለሚያዩ ነው ምንጣፉ ላይ ወጥቶ መሃል መንገድ የሚቀረው።

ፕላስተሩ ከተነሳ በኋላ ግምቴን ፈትኚው። ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርጊ፣ ጠርዙን በፕላስተር ያዢና ልቀቂው። ወረቀቱ ላይ ያለ ችግር ከሄደና ከወረቀቱ ሲወጣ ከቆመ ነገሩ አለቀ። መፍትሔው ምንጣፉን በጽዳት ቀን መጠቅለል፣ አለዚያም ስልክሽ ላይ ባለው የሮቦቱ አፕ ዙሪያውን ክልክል ቦታ ብሎ ማጠር ነው። ደረጃውን ግን በአፕ አጥር ብቻ እንዳታምኚው። ሮቦቱን አንስተሽ ሌላ ቦታ ካስቀመጥሽው የያዘው የቤቱ ካርታ ሊዛባ ይችላል፣ ያኔ አጥሩም አብሮ ይዛባል።

ሶፋው ሌላ ጉዳይ ነው። ፊት ለፊቱን ለክተሽ "ይገባል" እንዳትዪ። ተንበርክከሽ በባትሪ መብራት ውስጡን እዪ። ብዙ ጊዜ ከታች የተመታው ስስ ጨርቅ አንዱ ጥግ ላይ ስቴፕሉ ለቆ ይንጠለጠላል፣ መሃሉም ሰው ሲቀመጥበት ይረግባል። ሮቦቱ ፊቱ ላይ በምቾት ይገባና መሃል ሲደርስ አናቱ ላይ ያለው ጉብታ ይነክሳል፣ ጎማው ባዶውን ይዞራል። ዝቅተኛው ቦታ ከሮቦቱ ቁመት ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት። እግሩን በጣውላ ከፍ አድርጊ፣ ካልሆነም ፊቱን ዝጊው። የሚያጣብቀው ጭራሽ የማያስገባም በደንብ የማያሳልፍም ክፍተት ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። የምንጣፍ ዘርፍ ወደ ታች ይታጠፍ። የስልክ ቻርጀር ገመድ ከወለል ይነሳ፤ ብሩሹ ላይ ከተጠመጠመ አለቀ። የበር ደፍ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ከደረሰ ብዙዎቹን ያቅታቸዋል፣ ዝንባሌ ያለው ጣውላ ያስፈልገዋል። ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ብረት የተኛባቸው ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ይውጡ። የፊተኛውን ትንሽ ጎማ ሳብ አድርገሽ አውጪና ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በመቀስ አጽጂ፣ በየጊዜው።

ጠጋኙ የቀየረልሽን የጎን ብሩሽም አልወደድኩትም። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ የብሩሹ ፀጉር ገና ከአሁኑ ተጣሞ ወደ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለው ርካሽ ብሩሽ ቆሻሻውን ከመሰብሰብ ይልቅ ይበትነዋል። ብሎኑም የሌላ ዕቃ ነው፣ አናቱ ወጥቶ ወለል ይጭራል። ለሞዴሉ የተሠራውን ግዢ።

በመጨረሻ ሴንሰሮቹ ንጹሕ ሆነው ደረጃው አናት ላይ ፈትኚው። አንድ ደረጃ ወርደሽ ቁሚ፣ እጅሽን ጫፉ ላይ ደግነሽ ጠብቂ፣ ታች ማንም እንዳይኖር። ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ይምጣ። አንዴ እንኳ ጫፉን ካለፈ ደረጃው ባለበት ፎቅ ላይ አትልቀቂው። ነጣ ያለ ወለል ላይም ወደ ኋላ የሚል ከሆነ ግን አንዱ ሴንሰር ሞቷል ወይም ሽቦው ለቋል። ያኔ ሆዱ መከፈት አለበት፤ ሞዴሉን ጻፊልኝ፣ ፕላስተር ግን በድጋሚ እንዳታስለጥፊበት።