ጂቤሬላ እና ፉዛሪየም፦ ሁለት በሽታ ወይስ አንድ?

ወንድሜ፣ አንድ ናቸው። ቡና የሚያደርቀውን ፈንገስ አንዱ መጽሐፍ ጂቤሬላ ዛይላሪዮይድስ፣ ሌላው ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ ሲለው ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም። ፈንገሱ ሁለት መልክ አለው። በፆታ ሲራባ በደረቀው ግንድ ቅርፊት ላይ ጥቋቁር፣ ደቃቅ ፍሬዎች ያወጣል። ይሄ መልኩ ጂቤሬላ ተባለ። ያለ ፆታ የሚራባው ደግሞ ፉዛሪየም። የድሮው የስያሜ ሕግ ሁለቱንም ይፈቅድ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ የተሰበሰቡ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን «ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም» ብለው ወሰኑ። አሁን የሚሠራበት ፉዛሪየም ነው። ደግ አደረጉ፣ እኛም አረፍን! የቆየ ጽሑፍ ስትፈልግ ግን ሁለቱንም ስም ሞክር። መከላከያው እንደሆነ ያው ነው፦ የታመመውን ዛፍ ነቅለህ እዚያው አቃጥል፤ ስታርምም ግንዱን በገጀራ አታቁስል።