ስብሰባው የት ነው? ስለ መጠጥና ስለ ኤኤ የጠየቃችሁኝ

ስለ መጠጥ ስጽፍ ደብዳቤ ይበዛል። የሰሞኑ አብዛኛው ስለ ኤኤ ነው። ኤኤ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተገናኙ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል።

ጥያቄ፦ ክፍያው ስንት ነው? መመዝገብስ ያስፈልጋል?

ክፍያም ምዝገባም የለም። መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። መዋጮ የሚሰበሰብበት ቅርጫት ይዞራል፤ ባትሰጥ ማንም አይጠይቅህም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈልኝ ወንድም ኡበር ይነዳል። ማታ ሥራ ሲጨርስ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ይጠጣል። አንድ ቀን ስብሰባ ፈልጎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ነዳ። አንድ ሐበሻ ሲገባ አየና መኪናውን አዙሮ ተመለሰ። «የኛን ሰው ወሬ ታውቀዋለህ» ይለኛል።

አውቀዋለሁ። ግን ያ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ የገባ ይመስልሃል? አንተ የፈለግከውን ፈልጎ ነው። አንተን ቢያማህ ራሱንም ማማቱ ነው። እዚያ ያየኸውን ሰውና የሰማኸውን ነገር ውጭ አታወራም፤ ማኅበሩ የቆመው በዚህ ነው።

አሁንም ከከበደህ ሰፈርህን ትተህ ሮክቪል ወይም ቤተዝዳ ሂድ። «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን የኤኤ ነፃ አፕ ስልክህ ላይ ጫን። በአቅራቢያህ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳይሃል። «ክፍት» የሚለው ለማንም ነው፤ «ዝግ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። አንተ ሁለቱም ውስጥ መግባት ትችላለህ። «ዙም» በሚባለው የቪዲዮ አፕ የሚካሄዱም አሉ፤ ካሜራህን ዘግተህ ማዳመጥ ትችላለህ።

ስትገባ ብዙ ጊዜ የምታየው ይህን ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ታጣፊ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ቡና። አንድ ሰው አጭር ጽሑፍ ያነብባል። ከዚያ «አዲስ የመጣ አለ?» ይባላል። የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ብትናገር ይበቃል፤ ዝም ብትልም ይቻላል። ተራው ሲደርስህ «ዛሬ ልስማ» በልና እለፍ። ሲያልቅ ስልካቸውን የሚሰጡህ ሰዎች ይኖራሉ። ተቀበላቸው። የምትደውለው ከጠጣህ በኋላ ሳይሆን ሊያምርህ ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው ቡድን ካልተመቸህ ሌላ ሞክር፤ ቡድኖች አይመሳሰሉም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ላይ «ጠጣ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ብለን የምንቀዳው እኛው ነን። ሰውየው ሲወድቅ የምናማውም እኛው። ስለዚህ ሰው ተደብቆ ይጠጣል፣ ተደብቆም ይሞታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ወንድሜ፣ የጠጣህበትን ጠርሙስ ጎረቤትህ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይቶታል። አብሮህ የሚሠራውም አሽትቶሃል። የምትደብቀው ከሰው ሳይሆን ከእርዳታው ነው። ደግሞም ስብሰባው ወሬ ብቻ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 27 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ኤኤና ሰውን ወደ ኤኤ የሚያስገባ ሕክምና ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ መጠጥን ፈጽሞ በመተው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚሻል አሳይቷል። በዚህ ሳምንት ሂድ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ አንዲት እናት፦ ልጃቸው ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ጾሙ ሲገባ ቤት ቆልፈንበት ልናስተወው ነው ያሰብነው» ይላሉ።

እባክዎ እናቴ፣ አይቆልፉበት! ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ትኩሳት ሊነሳበት ይችላል። ሰው ይሞትበታል። የእጁ መንቀጥቀጥ ምልክቱ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ማቆሙ በመድኃኒትና በክትትል ይሁን። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይውሰዱት። ስሙን ሰምተው አይደንግጡ፤ የሱስ ሕክምና ሥራቸው ነው። ጸበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጎን ይቀጥል። ለሐኪሙ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚጠጣ እውነቱን ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን በዚያ ይወሰናል። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ «ሙስሊም ነኝ። ኤኤ ሃይማኖት ነው ይሉኛል።»

አይደለም። ስለ አምላክ ይወራል፤ ግን እያንዳንዱ እንደሚያምነው ነው። ሶላትህን አይነካብህም።

ጥያቄ፦ ከዳላስ አንዲት እህት፦ ባሏ አልሄድም ብሏል። ውስኪውን ትደፋለች፣ ሥራ ቦታው ደውላ «አሞታል» ትላለች።

መደወሉን ተዪ። አንቺ እየሸፈንሽለት እሱ ችግሩን አያየውም። ጎትተሽ ብትወስጂውም ለአንቺ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይሰማም። ይልቅ አንቺ ሂጂ። አል-አኖን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተ የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር አለ፤ እሱ ባይፈልግም አንቺ መግባት ትችያለሽ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አንዳንዴ ይገፈትረኛል» ብለሻል። ይህንን አትለፊው። ለዚህ መፍትሔው ስብሰባ አይደለም፤ ሲያስፈራሽ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ 911 ደውዪ።

ጥያቄ፦ «ጠጥቼ ብሄድስ?»

ግባ። ቁጭ ብለህ አዳምጥ፣ አትረብሽ። መኪና ግን አትንዳ።

ጥያቄ፦ «ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ፍርድ ቤት ስብሰባ እንድሄድ አዞኛል። መገኘቴን የሚያሳየውን ወረቀት ማን ይፈርምልኛል?»

ብዙ ቡድኖች ይፈርማሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ስብሰባው ሳይጀመር የሚመራውን ሰው ጠይቀው።