መልስ፦ አንዲት ሚውቴሽን ፓፒሎማ ቫይረስን ምን ታደርገዋለች?
ሰላም የደብረ ማርቆሷ እህቴ። «አንዲት ሚውቴሽን ብቻ ፓፒሎማ ቫይረስ ላይ ለውጥ ታመጣለች ወይ?» ላልሽው፣ በደንብ ታመጣለች! ሚውቴሽን ማለት የዘረመል ለውጥ ነው፤ ፓፒሎማ ደግሞ አንዳንድ ዓይነቶቹ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጡ ቫይረስ ነው። የቫይረሱ ቅርፊት ኤል1 ከሚባል ፕሮቲን 360 ቅጂዎች ይገጣጠማል። ከካንሰር ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራበት የኖረው የቫይረሱ ዓይነት 16 ናሙና፣ ኤል1 ላይ 202ኛው ቦታ በአስፓርቲክ አሲድ ፋንታ ሂስቲዲን (ሁለቱም የፕሮቲን ጡብ የሆኑ አሚኖ አሲዶች ናቸው) ስለነበረው ቅርፊቱ በቅጡ አይገጥምም ነበር፤ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ይሄ ታውቆ በደህናው ኤል1 ሲሠራ ግን በብዛት ይገጥም ጀመር፣ ዛሬ እዚያው ጎጃም ለሴት ልጆች የሚሰጠው ክትባትም ዲኤንኤ የሌለው የኤል1 ቅርፊት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው የቅርፊቱ ፕሮቲን፣ ኤል2 ነው። እዚያ ላይ 22ኛው ወይም 28ኛው ቦታ ያለችው ሲስቴይን የተባለች አሚኖ አሲድ ስትቀየር ቫይረሱ ደህና ይገጣጠማል፣ ዲኤንኤውን ይይዛል፣ ሴል ውስጥም ይገባል፤ ግን የኢንዶዞሙን (ሴሉ ውስጥ ቫይረሱን የያዘውን ከረጢት) ሽፋን ማለፍ ያቅተውና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መገጣጠሙን ብቻ አይተሽ «ይበክላል» እንዳትዪ፣ መበከሉን ለብቻው ለኪው።