የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወደ ትራት መቼ ይኬዳል?

በታይላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በባሕሩና በካምቦዲያ ድንበር መካከል ስለተዘረጋው የትራት ክፍለ ሀገር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

«ልጆቼ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ኮ ቻንግ ደሴት ልወስዳቸው አስቤያለሁ። የሆቴሎቹ ዋጋም በጣም ቀንሷል። ልያዝ?» — ሄ.፣ ከአዲስ አበባ

ዋጋው የቀነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ክረምትና የትራት ክረምት ይገጥማሉ፤ የነሱ ግን ይብሳል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበቱን ከባሕር ይዞ መጥቶ ድንበሩ ላይ ካሉት ተራሮች ጋር ሲጋጭ ውሃውን እዚያው ይጥለዋል። ክሎንግ ያይ የሚባለው የድንበር ወረዳ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። የአዲስ አበባ ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱን ከዚህ ይገምቱ። ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታው ደግሞ የኮ ቻንግን ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ጥሩ አሸዋ ያለውም፣ አብዛኛው ሆቴል የተሠራውም እዚያው ነው። ወደ ራቅ ያሉት ደሴቶች፣ ወደ ኮ ማክና ኮ ኩት፣ የሚሄዱት ጀልባዎችም በእነዚህ ወራት ይቀንሳሉ፤ ማዕበል ሲነሣ ጭራሽ ይቀራሉ።

ባሕሩ ጸጥ የሚለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የገና ዕረፍት ለልጆችዎ የሚበቃ ከሆነ እሱን ይምረጡ፤ ሆቴሉን ግን ቀደም ብለው ይያዙ፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ይሞላል። ለፏፏቴም የተሻለው ጊዜ ይኸው ነው። የኮ ቻንጉ ክሎንግ ፕሉ ፏፏቴ በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ገና ሙሉ ነው፣ ዱካውም ይደርቃል፤ መጋቢት ላይ የሚሄድ ሰው ግን ቀጭን ጅረት ሊያገኝ ይችላል። ከብሔራዊ ፓርኩ በር እስከ ፏፏቴው በጫካ ውስጥ የሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ አይሆንም።

የወቅቱ አንድ ጉድለት ፍራፍሬው ነው። ትራት የዱሪያን፣ የማንጎስቲንና የራምቡታን አገር ናት፤ እነዚህ የሚደርሱት ግን ዝናቡ ሲጀምር፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። ለፍሬው ሲሉ የሚሄዱ ከሆነ ግንቦት መግቢያ ላይ ይሂዱ። ዱሪያን ገዝተው ወደ ሆቴል ክፍል አያስገቡ፤ ሽታው ቶሎ ስለማይለቅ አብዛኞቹ ሆቴሎች ይከለክላሉ፣ ያስቀጣልም።

ከሐምሌ ሌላ ጊዜ ከሌለዎት ማረፊያዎን በደሴቱ ምሥራቃዊ ጎን ያድርጉ። ተራራው ነፋሱን ይጋርደዋል። ሳላክ ኮክ በሚባለው መንደር በማንግሮቭ ደን ውስጥ በቀዛፊ ጀልባ መዞር ይቻላል። ማንግሮቭ ሥሩን ከጭቃው በላይ አውጥቶ የሚተነፍስ፣ በጨዋማ ውሃ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጀልባው ወደ ደኑ የሚገባው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድመው መንደሩን ይጠይቁ። በዚህ ወቅት ፏፏቴ ውስጥ እየዋኙ ውሃው ድንገት ቡናማ ከሆነ ልጆቹን ይዘው ወዲያው ይውጡ፤ ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቧል፣ ደራሹ እየመጣ ነው ማለት ነው።

«ዋና ብዙም አልችልም። ባሕሩ እስከ ወገብ ከሆነ ምን ያሰጋል?» — ት.፣ ከሐዋሳ

ሐይቅ የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኮ ቻንግ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በተለይ በዝናብ ወራት፣ ሰው የሚሰጥመው ጥልቀት አታሎት ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ወስዶት ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ጠባብ መስመር ወደ ባሕር ይመለሳል። ያ መስመር ማዕበል ስለማይሰበርበት ከግራና ቀኙ ይልቅ የተረጋጋ ይመስላል፤ የማያውቅ ሰውም «እዚህ ይሻላል» ብሎ ይገባበታል። ከተወሰዱ ወደ ዳር ፊት ለፊት አይታገሉ፣ ጉልበት ይጨርሳል። ጅረቱ ወደ ታች አይጎትትም፤ በጀርባዎ ተንሳፈው እጅዎን እያውለበለቡ ይጣሩ፣ መዋኘት ከቻሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ። ቀይ ባንዲራ ካዩ እግርዎን እንኳ አያስገቡ።

ጄሊፊሽ ከነደፈዎት ቁስሉን አይሹት፣ በንጹሕ ውሃም አይጠቡት። ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አቼቶ ያፍስሱበትና ወደ ሕክምና ይሂዱ። አሸዋው ላይ ያሉት ዓይን የማይሞሉ ተናካሽ ነፍሳት አደገኛ አይደሉም፣ ግን ለቀናት ያሳክካሉ፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ አሸዋ ላይ አይተኙ።

«ወደ ካምቦዲያ ወጥቼ ልመለስ አስባለሁ። በሃት ሌክ የድንበር መተላለፊያ በኩል ይቻላል?» — መ.፣ ከዱባይ

አያቅዱት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ከተጋጩ በኋላ የየብስ መተላለፊያዎቹ ተዘግተዋል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌና በታኅሣሥ ደግሞ ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። ከመነሣትዎ በፊት የቅርብ ጊዜውን የኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ያንብቡ። ድንበሩ ቢከፈትም እንኳ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ቪዛ ሲወጡ ያበቃል።

የድንበሩ መንገድ በሰላም ጊዜ በራሱ ማየት የሚገባው ነው። በክሎንግ ያይ አንድ ቦታ ላይ ከባሕሩ እስከ ድንበሩ ያለው የታይላንድ መሬት ስፋት 450 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትራትን ራሷን ፈረንሳዮች ከ1904 እስከ 1907 (እ.ኤ.አ.) ይዘዋት ነበር፤ ሲያም (የያኔዋ ታይላንድ) ያስመለሰቻት ዛሬ በካምቦዲያ ያሉትን ባታምባንግንና ሲየም ሪያፕን ለቃ ነው።

«በዐቢይ ጾም ብሄድ የምበላው አገኛለሁ?» — ወ.፣ ከጎንደር

ያገኛሉ፣ ግን «ሥጋ የለበትም» የሚለው ቃል አይበቃም። የዓሣ መረቅና የሽሪምፕ ድልህ አትክልቱ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። «ጄ» ይበሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ጣዕሙ አልጫ ሊሆንብዎ ይችላል።

«ለመግቢያ ምን ያስፈልጋል? ከባንኮክስ እንዴት ይኬዳል?» — በርካታ አንባቢዎች

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ምስክር ወረቀት ከሚጠየቁት አገሮች አንዷ ናት፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይውሰዱ። የቪዛው ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ሳይቆርጡ ኤምባሲውን ይጠይቁ። ዲጂታል የመግቢያ ቅጹ የሚሞላው ከመድረስዎ በፊት ባሉት 3 ቀናት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ይውጡ።

ከባንኮክ ኤካማይ መናኸሪያ አውቶቡስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ተጉዞ ትራት ያደርሳል፤ ከሱቫርናፑም አየር ማረፊያ ትንሽ አውሮፕላንም አለ። የኮ ቻንግ ጀልባ መኪና ጭኖ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። የኮ ኩት ጀልባዎች ከሌም ሶክ ወደብ በቀን ብቻ ስለሚነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ባንኮክ ያረፈ ሰው አንድ ሌሊት ትራት ከተማ ቢያድር ይሻለዋል። የጀልባው ሰሌዳ 15:00 ካለ የኛ 9 ሰዓት ነው። በንግግር ግን ታዮች የምሽቱን ሰዓት እንደኛ ይቆጥራሉ፦ «ኑንግ ቱም» ካሉዎት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።