ለደሴና ለኮምቦልቻ ዘመድ የፒያኖ መማሪያ ለምትልኩ

በውጭ አገር የምትኖሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ካደገ በኋላ ፒያኖ ልማር ላለ ወንድም ወይም እህት መሣሪያና መጽሐፍ መላካችሁ ያስመሰግናችኋል፤ እኔም ከስደት ተመልሼ ደሴ ከከተምኩ ወዲህ የሚላከውን ስመለከት ግን ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

1. ደረሰኙን ከዕቃው ጋር አኑሩ፤ ጉምሩክ ይጠይቃል።

2. የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ አዳፕተሩ ላይ 120 ብቻ የተጻፈበት የአሜሪካ ኪቦርድ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሊቃጠል ይችላል። «100-240» የሚለውን ፈልጉ። 88 ቁልፍ ቢኖረው ይመረጣል፤ ለጀማሪ 61ም ያስኬዳል፣ የቁልፎቹ ስፋት የሕፃን መጫወቻ እስካልሆነ ድረስ።

3. የምቆጣው በመጽሐፉ ነው። ለአርባ ዓመት ጎልማሳ በየገጹ ድብና ፊኛ የተሣለበት የሕፃናት መማሪያ ምን ይሉታል? አዋቂ ሰው ትምህርቱን ቶሎ ይረዳል፣ የሚዘገየው ጣቱ ነው፤ ስለዚህ ማብራሪያው አጠር ያለ፣ መልመጃው የበዛ፣ ለአዋቂ ጀማሪ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በ1873 የታተመውን የፈረንሳዊውን የፒያኖ መምህር የሀኖንን 60 የጣት መልመጃዎች ለጀማሪ ትልካላችሁ፤ እሱ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ገደማ ለተማረ ሰው የታሰበ ነው። የመጽሐፉ ማዳመጫ ድምፅ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ከሆነ አስቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ላኩት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ቅኝታችን ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ወሎ ሆኖ ሳለ፣ የምትልኳቸው መጻሕፍት የቀኝ እጅን ከዶ እስከ ሶል ባሉ አምስት ተከታታይ ነጭ ቁልፎች ላይ ያሳርፉና ብዙ ገጽ ሳያንቀሳቅሱት ይቆያሉ። የባቲ አምስት ድምፆች ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው፤ አውራ ጣት ዶ ላይ ከዋለ ትንሿ ጣት ሲን ለመድረስ መዳፉ መዘርጋት አለበት። ተማሪው ይህን ካልተለማመደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው የሚያውቀውን ዜማ እጁ ሊያወጣው አይችልም፤ ያኔም «ፒያኖ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ኪቦርዱን ጨርቅ ያለብሰዋል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክ የሕዝቡን ዜማና ቅኝት ከጀማሪ ደረጃ አንሥቶ በ6 ቅጽ፣ በ153 ቁራጮች አስተምሯል፤ የእኛን ቅኝት ግን መምህር በእጁ በኖታ ጽፎ ቢሰጥ ነው የሚሻለው።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ኖታ ያነብ እንደሆነ፣ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ይከብደው እንደሆነ፣ አስተማሪ አግኝቶ እንደሆነ ጠይቁት። አስተማሪ ካለው፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መጽሐፍ ዋጋ ለአስተማሪው የወር ክፍያ ላኩለት።