መልህቁ የሠሪው ምልክት አይደለም

የብር ማንኪያህ ጀርባ ላይ አንበሳ፣ መልህቅ፣ አንዲት ፊደልና የሴት ጭንቅላት ተመትቷል፤ ሠሪው መልህቁ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም ወንድሜ። መልህቅ የእንግሊዟ በርሚንግሃም የብር መመርመሪያ ቤት ምልክት ነው። ቤቱ የተከፈተው በ1773 እ.ኤ.አ. ነው። ከባሕር የራቀ ከተማ መልህቅ ምን ያደርግለታል? ቤቱ እንዲከፈት የጠየቁት ሰዎች ለንደን ውስጥ «ዘውድና መልህቅ» የሚባል መጠጥ ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር ነው ይባላል። ዘውዱን ሌላዋ የእንግሊዝ ከተማ ሼፊልድ ለራሷ መመርመሪያ ቤት ምልክት ወሰደችው።

አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ግብር ለመከፈሉ ማስረጃ። ይህ ምልክት በ1890 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፣ ስለዚህ ማንኪያህ ከዚያ ወዲህ የተሠራ አይደለም። ፊደሏ ዓመቱን ትናገራለች። ግን ቅርጿንና የከበባትን ክፈፍ ሳታይ እንዳትፈርድ፤ ያችው ፊደል በየዙሩ ትመለሳለች።

ሠሪውን የምታገኘው በስሙ መነሻ ፊደላት ነው። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው ይመታሉ፤ በመወልወል ብዛትም ይፈዛሉ። ማጉያ መነጽር ያዝ፣ የስልክህን መብራት ከጎን አብራበትና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ ብር ማጽጃ እንዳትቀባው፣ አደራ!