ዛር በሽቦ ላይ

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጀማሪ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ነው ሲባል ነው የምሰማው። ጓደኛዬ ደግሞ «አዲስ አበባ የኖረ አንድ ግብፃዊ ቀድሞታል» ብሎ ይሟገተኛል። ማን ልክ ነው? (ከገንደቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ሐሊም ኤል-ዳብን ማለታቸው ነው፤ ልክም ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ እንኳ ከሁለቱም በፊት ነበር። የተቀረጸ ድምፅን እንደ ጥሬ ዕቃ ይዞ፣ ለውጦ፣ ራሱን የቻለ ሥራ በማድረግ ግን ሼፈር ፓሪስ ላይ የታወቀው በ1948 ነው፤ ኤል-ዳብ ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ቀርጾ የሠራው በ1944 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሼፈር ስለ ሥራው ብዙ ጽፏል፣ ለስልቱም ስም አውጥቶለታል፣ ከኋላውም ሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ ስሙ የገነነው ለዚህ ነው። ከኤል-ዳብ የዛር ሥራ ዛሬ የሚደመጠው የ2 ደቂቃ ያህል ቁራጭ ነው።

ኤል-ዳብ በ1921 ካይሮ ተወለደ፤ የተማረው ግብርና ነው። በኋላ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ፤ «ሌይላና ገጣሚው» (1959) የዚያ ዘመን ሥራው ነው። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 ያቋቋመውም እሱ ነው። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ መድረክ ላይ ያገናኘው ሰው እኛ ዘንድ በቅጡ አለመታወቁ ያሳዝናል። በ2017 ኦሃዮ፣ አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የቀረ የሚቀርጽ ቴፕ አለኝ፤ ኮምፒውተር የለኝም። ኤል-ዳብ የሠራውን በዚህ መሞከር ይቻላል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይቻላል። እሱ የተጠቀመው ከሬዲዮ ጣቢያ የተዋሰውን የሽቦ መቅረጫ ነበር። በዚያ ዓይነት መሣሪያ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የብረት ሽቦ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየሮጠ ድምፁን ይይዛል፤ ሲበጠስ ቋጥረው ይቀጥሉታል። ከዚያ ጣቢያው ውስጥ፣ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል፣ የቀረጸውን እያጫወተ መልሶ ቀረጸው፤ የማስተጋባቱን መጠን የሚወስነው በግድግዳው ነበር። ወፍራሙን የድምፅ መሠረት አውጥቶ ከላይ የሚያቃጭለውን ቀጭኑን አስቀረ። ከክፍሉ ማስተጋባት በቀር የጨመረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሥራው በአብዛኛው መቀነስ ነው። በርካሽ ዕቃ መሞከር የሚቻለውም ስለዚህ ነው።

ከበሮና እልልታ 2 ደቂቃ ያህል ይቅረጹ። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ወይም የፎቅ ደረጃ ይፈልጉ። የቴፑን ስፒከር ወደ ግድግዳው አዙረው ያጫውቱ፤ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀው በስልክ ይቅረጹ። ስፒከሩ ወደ ስልኩ ከዞረ የሚይዙት ቀጥታውን ድምፅ ነው፤ ክፍሉ አይሰማም። የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ባይኖርዎትም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ በር ከፍተውና ዘግተው ልዩነቱን ያገኙታል። ቀን ላይ ቬንትሌተሩና ባጃጁ ስለሚገቡበት ሌሊት ይሻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ካለ ከከበሮው ጋር ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁን ዝቅ ያድርጉ።

ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት የቤዝ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ይቀንሱ። ማስተካከያ ከሌለው የተቀረጸውን በስልኩ በራሱ ስፒከር ያጫውቱና በቴፑ ይቅረጹት፤ ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት ስለማይችል ራሱ ያጣራልዎታል። ይህን 2 ወይም 3 ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ በላይ ሲሄዱ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን «ሽሽሽ» ስለሚጨምር ድምፁ ይዋጣል። ብዙዎቹ ርካሽ ቴፖች ፀጥታ ሲሆን የድምፅ መጠኑን በራሳቸው ከፍ ስለሚያደርጉ ጫጫታው ያኔ ይብሳል፤ ስለዚህ በመካከል ረጅም ዝምታ አይተዉ።

የሚደጋገም ድምፅ ከፈለጉ በ5 ቪቴ የተዘጋ የ60 ደቂቃ ካሴት ይክፈቱ። የተጣበቀው ዓይነት ሲከፈት ይሰበራል፤ የ90 ደቂቃው ክር ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ይጠቀለላል። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ 24 ሴንቲ ሜትር 5 ሰከንድ ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች ደርበው በአዲስ ምላጭ በአንድ ጊዜ፣ አግድም ሳይሆን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ በዞረ ቁጥር «ቀጭ» ይላል። በማይቀረጽበት በኩል ይለጥፉትና በሁለቱ ማዕዘን ሮለሮችና በቀኙ መጠቅለያ ዙሪያ ያሳልፉት። ከላላ የጎማው ሮለር ይበላዋል፤ ከጠበቀ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ድሬዳዋ ላይ የሚያስቸግረው ማጣበቂያው ነው። ተራ ስኮች በሙቀት ሙጫው ይፈስና ከክሩ ጠርዝ ወጥቶ ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው ክፍል) ላይ ይቀራል፤ ድምፁ የታፈነ ሲመስል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስኮቹን ከክሩ በ1 ሚሊ ሜትር አጥብበው ይቁረጡት፤ ሄዱንና የብረት ዘንጉን በጥጥና በ90 በመቶ አልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። በ70ው ውስጥ ውሃ ስለሚበዛ ቶሎ አይደርቅም።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ዝክሪ (የሐረር መንፈሳዊ ዜማ) ቀርጬ እንዲህ ልሠራበት አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (ከሐረር)

መልስ፦ ኤል-ዳብ የሴቶቹ ዛር ውስጥ ተከናንቦ እንደገባ ይነገራል። እርስዎ ይህን አያድርጉ። አስቀድመው ታላላቆቹን ያስፈቅዱ፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውንም አይርሱ፤ መቅረጹን የፈቀደ ሰው ድምፁ እንዲለወጥ ላይፈቅድ ይችላል። የተለወጠውን ለሌላ ሰው ከማሰማትዎ በፊት መጀመሪያ ለእነሱ ያሰሙ። የእንጨት ማጨብጨቢያው ድምፅ ሹል ስለሆነ ስልኩ የሚቀርጸውን ያዛባዋል፤ 3 ሜትር ይራቁ፣ ስልኩን ከወለሉ አንሥተው የታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከሞላበት መስመር (0) 12 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስቀድመው ይሞክሩ።